ደጃፍ ላይ «የለም» አይባልም

ባለቤቴ ሶልያና የሞተችው ጥር 9 ቀን 2091 ዓ.ም. ነው። ሐኪሞቹን ሳልቆጥር ይህን በእርግጠኝነት የምናውቀው ስድስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ቄሱና እድሩ የላካቸው አራት ተሸካሚዎች። ተሸካሚዎቹ በቀን ሦስት አራት ሬሳ ስለሚያነሱ ስም አይዙም። ቄሱም አርጅተዋል፤ ፍትሐቱን ሲያደርሱ እንኳ ሁለት ጊዜ ስሟን ጠይቀውኛል።

የቀረው የኮምቦልቻ ሰው ግን ሶልያናን በዚያው ሳምንት አግኝቷታል። ደህና ነች ብሏል።

እኔ ያፌት እባላለሁ። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በደጃፍ ኬብል ቴሌቪዥን የፕሮግራም ዝርዝር ጸሐፊ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። ሥራው ምን እንደነበረ ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ያስቸግራል፤ ዝርዝር የሚያስፈልገው ብዙ ነገር ሲኖር ነውና።

በ2054 ስቀጠር ደጃፍ መቶ አሥራ ሁለት ጣቢያ ነበረው። ኳስ ነበር፤ ዜና ነበር፤ ስብከትና መንዙማ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት የሚከተፍበት የምግብ ጣቢያ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ድራማ፣ ሦስት ሰዓት የውጭ ዜና» እያልኩ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከቴክኒክ ክፍል አንድ ወረቀት መጣ። ከአሥር ቤት በዘጠኙ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው፤ የሚያየው ግን የለም ይላል። ሰዉ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይተኩሳል፣ ይተኛል። ታዲያ ለምን እንደሚከፍተው ጠይቁ ተብለን ወደየሰፈሩ ተላክን። ቦርከና ወንዝ ዳር የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ያሉኝን እስከ ዛሬ አልረሳም። «ልጄ፣ ቤቱ የሰው ድምፅ ይኑረው ብዬ ነው እንጂ ምን እንደሚሉስ አልሰማቸው።»

ይህን ለስብሰባ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተመስግኜበታለሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። መጀመሪያ ከድራማው ውስጥ ጥሉን አወጣነው፤ ጩኸት ሲመጣ ሰው ድምፁን ይቀንስ ነበርና። ቀጥሎ ፍቅሩን አወጣነው። በ2061 ታሪኩ ራሱ ወጣ፤ የቀሩት ቁጭ ብለው ራት የሚበሉ አምስት ተዋንያን ነበሩ። ተመልካች ይቀንሳል ብለን ስንፈራ ጨመረ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ተዋንያኑ «ደህና ዋላችሁ?» ብለው አራት ሰከንድ ዝም እንዲሉ አደረግሁ። ሰዉ ከየቤቱ «እግዜር ይመስገን» ማለት ጀመረ። ዜናው ከአንድ ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት፣ ከሩብ ሰዓት ወደ ስክሪኑ ግርጌ ጽሑፍ ወረደ። መቶ አሥራ ሁለቱ ጣቢያ አርባ ሆነ፤ አርባው ሰባት ሆነ። በ2067 ተዋንያኑን አሰናብተን ጎረቤትን በጎረቤት ቤት ማሳየት ጀመርን። የፕሮግራሙ ስም «ጥየቃ» ነው። ዛሬ ከጥየቃ ሌላ ጣቢያ የለም። ሪሞቱ ላይ የቀሩት ሁለት ቁልፎች ናቸው፤ አንዱ መክፈቻ፣ ሌላው የድምፅ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ልብሱን ቀይሮ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ሶፋው ላይ ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ የራሱን ሳሎን የሚመስል ሳሎን አለ። የዚያ ሳሎን በር ይንኳኳል፤ ጎረቤቱ ይገባል፤ ይቀመጣል፤ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል። ጎረቤቱም በራሱ ቤት ሶፋው ላይ ሆኖ እንዲሁ ያየዋል። ለእንግዳው የሚቀርበው ቆሎ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፤ እንግዳው ሲሄድ ባለቤቱ ይበላዋል። ለሥራ ካልሆነ በቀር ከቤቱ የሚወጣ የለም፤ የሚወጣውም የማንንም በር አይቶ አያልፍም። እኛ ፎቅ ላይ ስምንት በር አለ። ደፋቸው ላይ ያለው አቧራ የእንግዳ ዱካ አይቶ አያውቅም።

ሶልያና ከዚህ ሁሉ ጋር አልተላመደችም። ሰው ስትጠይቅ ትውላለች፣ ምስሯን እየለቀመች ትስቃለች፣ ግን ስክሪኑ ላይ በር በተንኳኳ ቁጥር ተነስታ ወደ እውነተኛው በር ትሄድ ነበር። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ሁልጊዜ ሶፋው ሥር ይቀራል። በሩን ከፍታ ባዶውን ኮሪደር ታይና ተመልሳ ትቀመጣለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበረች። «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ቴሌቪዥኑ ነው» ስላት፣ «ምናልባት ሰው ቢሆንስ?» ትለኝ ነበር።

ስለ ደንቡም መናገር አለብኝ። ጥየቃ በተጀመረ በሁለተኛው ዓመት ችግር መጣ። ጎረቤቱ ጸበል ሲሄድ ወይም ሲታመም ስክሪኑ ላይ «ወይዘሮ እከሊት የሉም» የሚል ጽሑፍ ይወጣ ነበር። ሰዉ ይህን ጽሑፍ ጠላው፤ ደውለው የሚያለቅሱ ነበሩ። የፕሮግራም ኃላፊያችን ወይዘሮ አርሴማ «ደጃፍ ላይ ‹የለም› አይባልም» አለችና ደንብ እንድጽፍ አዘዘችኝ። ጻፍኩ። ቴሌቪዥኑ ሦስት ቀን ከተዘጋ፣ ከተቀዳው ምስልና ድምፅ ምትክ ይቆማል። ምትኩ እንደ ባለቤቱ ሆኖ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። ባለቤቱ ሲመለስና ሲከፍት ምትኩ ይነሳል። ሰው የሚጠፋባቸውን ምክንያቶች በቁጥር ዘረዘርን። አንድ፣ ጉዞ። ሁለት፣ ሕመም። ሦስት፣ ጸበልና ሐጅ። አራት፣ የመብራት መቋረጥ።

«አምስት፣ ቢሞትስ?» አለ አንድ የቴክኒክ ሰው።

አርሴማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ክፉ አያሰማን። ጠዋት በሰላም ከየቤታችን የወጣን ሰዎች ነን፤ ምን ሟርት ነው?»

ሁላችንም «አይድረስ» አልን። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ «አይድረስ» አለ። እኔም «አይድረስ» ብዬ ከአራተኛው ቁጥር በኋላ አራት ነጥብ አደረግሁና ሻይ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ነገር በየትኛውም ስብሰባ ላይ አልተነሳችም። ማን ያነሳታል? ሐዘን ያለበት ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ደግሞ ከልጅነቴ አውቃለሁ። አባቴ ሲሞቱ እናቴ ቴሌቪዥናችንን በነጠላ ሸፍና አርባ ቀን አቆይታዋለች። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ጥር 5 ቀን ሶልያና ደረቷን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ስትል ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳት። አራት ቀን ከአልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። በአምስተኛው ቀን ቀብሬ ተመለስኩ። ቴሌቪዥኑን በነጠላዋ ሸፈንኩት። ወንበሮቹን በግድግዳው ዙሪያ ደረደርኩ። ልጅ የለንም፤ ለቀስተኛ የሚቀበልልኝ ስለሌለ ብርጭቆውን ሁሉ ራሴ አጥቤ በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ።

የእድር ጡሩምባ ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሞት ማስታወቂያ የሚነገረው በደጃፍ ግርጌ ጽሑፍ ነው። «ወይዘሮ ሶልያና ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» የሚለው ጽሑፍ ባለፈበት ሰዓት፣ ሶልያና እዚያው ስክሪን ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ሦስት ቀኑ ሞልቶ ምትኳ ቆሞ ነበርና። ሰዉ ሌላ ሶልያና መሰለው። «ሞክሼሽ አረፈች» ብለው ለራሷ ነገሯት አሉ። እሷም «ምስኪን፣ ነፍስ ይማር» አለች አሉ። ይህን የነገረኝ የሱቁ ሰውዬ ነው፤ ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። «የሞተችው እሷ ናት» ስለው ሳቁን ሳያቆም፣ «ተዉ እንጂ ጋሼ፣ ጠዋት እኮ ጠይቃኛለች፣ እርስዎም አብረው ነበሩ» አለኝ።

ሦስት ቀን ሆነ፤ ሰባት ቀን ሆነ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ብርጭቆዎቹን እንደገና አጠብኳቸው። የምፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ ሰው መጥቶ ቁጭ ብሎ «እግዜር ያጽናህ» እንዲለኝ ነበር። ሐዘን ለአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ሌላ ሰው አብሮ ካልተቀመጠበት የሞተው ሰው በደንብ አይሞትም። እኔ ብቻ የማውቀው ሞት ለራሴም ሐሜት እየመሰለኝ መጣ። አንዳንድ ጊዜ ወጥ ሠርቼ ለሁለት ሰው አቀርብ ነበር።

በሃያኛው ቀን ደጃፍ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ አንዲት ረጋ ያለች ሴትዮ ነበረች።

«ምን ልታዘዝ ጋሼ?»

«ባለቤቴ ሞታለች። ከጥየቃ እንድታወጡልኝ ነው።»

ስሟን ጠየቀችኝና ጻፈች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ወይዘሮ ሶልያና ዛሬ ጠዋት አራት ቤት ጠይቀዋል» አለች። ክፋት የለባትም፤ የምሥራች የነገረችኝ ነው የመሰላት።

«እሷ አይደለችም። ምትኳ ነው።»

«እንግዲያው ምክንያቱን ከቅጹ ላይ ይምረጡልኝ።»

ቅጹን አዞረችልኝ። ጉዞ፣ ሕመም፣ ጸበልና ሐጅ፣ የመብራት መቋረጥ። የኔው አጻጻፍ ነው፤ አራት ነጥቧም አለች።

«ሞት የሚል የለውም» አልኳት።

«ክፉ አያሰማን» አለች ከልቧ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጉዞ ልበልልዎት? ብዙ ሰው ጉዞ ነው የሚለው። የሚመለሱበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ፤ ካልተሞላ አይቀበለኝም» አለች።

ቅጹን መልሼ ገፋሁላት። ዞር ስል ግድግዳው ላይ ባለው ትልቁ ስክሪን ሶልያና ከማላውቀው ሰው ሳሎን ተቀምጣ አየኋት። ለአፍታ ብቻ ነው ያየሁት፤ ዓይኔን ወዲያው ሰብሬያለሁ። አጠገቧ ግራጫ ሹራብ የለበሰ ሰውዬ ነበር። ሹራቡ የኔ ነው፤ ሰውዬውም እኔ ነኝ፤ ጤናው ግን ከኔ ይሻላል።

ከኛ ግድግዳ ለግድግዳ የምትኖረው ሀያት ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ነች፤ ከኔ በአሥር ዓመት ታንሳለች። ጥየቃ ከመምጣቱ በፊት ሶልያናና እሷ በር ተዘግቶባቸው አያውቅም። በረመዳን ሾርባውን ሶልያና ትሠራላት ነበር፤ በፋሲካ ደግሞ ዱለቱን የምታጣፍጠው ሀያት ነበረች። እንዴት ሆኖ እንደቀረ አላስታውስም። ፕሮግራሙ ሲለወጥ እንደሆነው ሁሉ፣ ቀስ እያለ ነው የቀረው።

አሁን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሶልያና ሳቅ ከሀያት ቴሌቪዥን በግድግዳው አልፎ ይመጣል። የመጀመሪያው ቀን ተናድጄ ግድግዳውን በጡጫ መታሁት። ከሳምንት በኋላ ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ከዚያም አሥር ሰዓት እስኪደርስ መጠበቅ ጀመርኩ። ይህን ለማንም ባልናገረው ደስ ይለኝ ነበር። ሐዘንተኛ ነኝ ብዬ ቴሌቪዥኔን ሸፍኜ፣ በጎን የጎረቤት ቴሌቪዥን መስረቅ ነው።

በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ግን በራሴ አፈርኩና ተነሳሁ። ሀያት የምታውቃት ሰው ናት፤ ልንገራት አልኩ። ኮሪደሩን ተሻግሬ በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«ያፌት ነኝ ሀያት፣ ክፈችልኝ።»

ከውስጥ የራሴ ድምፅ ስለ ጉልበቴ ሕመም ሲያወራ ይሰማኛል። ሀያት ሳቅ አለች።

«ገብተዋል እኮ ጋሼ» አለችኝ።

«ሶልያና ሞታለች» አልኩ በበሩ በኩል። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ውስጥ ያለው ወሬ ቆመ። ከዚያ ሶልያና፣ «ሀያት፣ ማነው በሩ ላይ?» ስትል ሰማሁ።

ግድግዳውን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሳቋ አልመጣም። በሠላሳ አምስተኛውም ቀን አልመጣም። ሀያት ዝም ብላለች፤ ቴሌቪዥኗም ዝም ብሏል። ሶልያና ሌላ ሰው ልትጠይቅ ሄዳ ይሆናል ብዬ ተቀየምኳት። ዝምታው ከዚህ በፊት ከነበረው የባሰ ሆነ። በሠላሳ ሰባተኛው ቀን፣ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ ሶልያና ስትስቅ ድምፅዋ በምን እንደሚጀምር ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። ጫማዋን አየሁ፤ የትኛው ይሆን ሶፋው ሥር ይቀር የነበረው፣ ግራው ነው ቀኙ? እሱንም አላውቅም። ለአርባው ሦስት ቀን ቀርቶኝ ነበር። ሦስት ቀን ብቻ። አሥር ሰዓት ሲሆን ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አንስቼ መክፈቻውን ተጫንኩ።

የኛ ሳሎን መጣ። ግራጫ ሹራብ የለበሰው ሰውዬ የለም፤ ባለቤቱ ሲመለስ ምትኩ ይነሳል ይላል ደንቡ። ወንበሩ ባዶ ነው፤ የኔ ነው። ሶልያና ትሪው ላይ አቀርቅራ ምስር ትለቅማለች። ቀና አለች።

«የት ጠፍተህ ነው?» አለችኝ።

አራት ሰከንድ ዝም አለች። አራቱን ሰከንድ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

«እዚሁ ነበርኩ» አልኳት።

«ከስተሃል።»

«ትንሽ።»

ተናደድኩ ማለት እፈልግ ነበር። አልተናደድኩም፤ ደስ አለኝ። ከሠላሳ ሰባት ቀን በኋላ አንድ ሰው መክሳቴን አየልኝ። ስለ ሱቁ ሰውዬ ነገርኳት፤ ሳቀች። ድምፅዋ የሚጀምረው ከጉሮሮዋ ነው፤ እንዴት ረሳሁት?

በሩ ተንኳኳ። ስክሪኑ ላይ አይደለም። የኔ በር ነው፤ እንጨቱ ሲነቃነቅ በጀርባዬ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ ሀያት ነኝ» አለ ከውጭ የመጣ ድምፅ።

«ሰው መጣ መሰለኝ» አለች ሶልያና። ትሪውን አስቀመጠችና ተነሳች። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ሶፋው ሥር ቀረ፤ ግራው ነበር። ሄዳ በሩን ከፈተች። ሀያት አረንጓዴ ሻሿን አስራ ፈገግ ብላ ገባች፤ ተሳሳሙ።

«ጋሼ፣ ይሰሙኛል?» አለች ከውጭ ያለችው ሀያት። «ያን ቀን እርስዎ መሆንዎን ያወቅሁት ኋላ ነው። በበሩ ሥር የእግርዎን ጥላ አየሁት። ስክሪኑ ላይ ያሉት ተቀምጠዋል፣ እግርዎ ደግሞ ከበሬ ሥር ነው። ያኔውኑ ዘጋሁት፤ ይኸው አራት ቀኔ ነው። እንዴት ብዬ ፊትዎን አያለሁ ብዬ ነው የዘገየሁት። ሶልያናን ላለቅሳት ነው የመጣሁት ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።»

አራት ቀን ከዘጋች፣ ስክሪኑ ላይ የገባችው ሀያት ማን እንደሆነች አውቃለሁ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሶልያና ሳቅ በግድግዳው መምጣቱን ያቆመው ለምን እንደሆነም ገባኝ። ከሶፋው እስከ በሩ ሰባት እርምጃ ነው። ከተነሳሁ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በሩን ከከፈትኩ ደግሞ ሀያት ትገባለች፣ ከግድግዳው ዙሪያ ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ትቀመጣለች፣ ታለቅሳለች፤ እኔም አለቅሳለሁ፤ ያን ጊዜ ሶልያና ትሞታለች።

«አላህ ሶብሩን ይስጥዎ ጋሼ» አለች ሀያት በበሩ በኩል።

ሠላሳ ሰባት ቀን የጠበቅሁት ቃል ነው።

ሶልያና ለእንግዳዋ ቆሎ አቅርባ የሆነ ነገር ትነግራት ጀመር። ከውጭ ያለው ድምፅ እያቋረጠ አላሰማኝ አለ። ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩት። በሩ እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን በመዳፍ ነው።

«ገብተሻል እኮ ሀያት» አልኳት።